ለዓሣም ቤት ጓዳ ያስፈልገዋል

የቆመ ውኃ ይሸታል። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖር ባላገር የሚጠጣውን ውኃ የሚያስቀዳው ከሚፈሰው ነው፤ ያውም ከብት ከሚወርድበት በላይ ካለው ወገን። ረግቶ አረንጓዴ የለበሰውን ኵሬ ሕፃን እንኳ አይጠጋውም። ነገር ግን ይኸው ሰው ከተማ ገብቶ፣ ቤት ሠርቶ፣ ሳሎኑን በዓሣ ለማስጌጥ ሲነሣ፣ ከአባቱ የወረሰውን ዕውቀት ከደጅ ጥሎት ይገባል። አራት መስተዋት አጣብቆ ውኃ ይሞላል፤ ዓሣ ይጨምራል፤ ከዚያም ወንበሩን ስቦ ይመለከታል። በሦስተኛው ሳምንት ውኃው ይደፈርሳል። በአራተኛው ዓሣው ጎኑን ሰጥቶ ይንሳፈፋል። ጥፋቱ ግን ከዓሣው አይደለም። ዓሣው የሚኖረው በሚንቀሳቀስ ውኃ ነበር፤ እኛ ደግሞ ኵሬ ሰጠነው።

ዛሬ በዚህ ዓምድ ለአንባቢዎቼ ላወራ የፈለግሁት በዓሣ መስተዋት ውስጥ ውኃ ሳያቋርጥ እንዲዘዋወር ስለ ማድረግ፣ ዘዋሪውም መሣሪያ ከዓይን ተሰውሮ እንዲሠራ ስለ ማድረግ ነው። ጉዳዩ የጌጥ ብቻ አይምሰልዎ። ውኃው ሲቆም የሚቆም ነፍስ አለ።

አንድ ተማሪ በክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ዓሣ ውኃ ውስጥ እየኖረ እንዴት ትንፋሽ ያጥረዋል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዓሣ ውኃን አይተነፍስም፤ የሚተነፍሰው በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ነው። ይህም እጅግ ጥቂት ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነ በአንድ ሊትር ጣፋጭ ውኃ ውስጥ ሊሟሟ የሚችለው ኦክሲጅን ከ8 ሚሊግራም ብዙ አይበልጥም። በአንድ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ግን ከዚህ 30 እጥፍ ያልፋል። ስለዚህ ዓሣ ከመሬት እንስሳት ሁሉ ይልቅ በጠባብ በጀት የሚኖር ፍጡር ነው።

እኛ ደጋና ወይና ደጋ የምንኖር ሰዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ማሰብ ይገባናል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ ቡሬም ከዚያ ትበልጣለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ በውኃ የሚሟሟውም ኦክሲጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። እንግዲህ በምጽዋ 8 ሚሊግራም የነበረው በእኛ ከተማ ወደ 6.5 ይወርዳል ማለት ነው። ውኃው ጨው ሲገባበት ደግሞ ይብሳል። የባሕር ውኃ በባሕር ጠለል ከፍታ ወደ 7 ሚሊግራም የማይሞላ፣ በእኛ ከፍታ ግን 5.5 ገደማ ብቻ ይይዛል። የባሕር ዓሣ በደጋ ከተማ ለማኖር የሚፈልግ ሰው በባሕር ዳርቻ ላለ ሰው የተጻፈውን መመሪያ ቃል በቃል ቢከተል፣ ከመነሻው ተበድሮ እንደ ጀመረ ነጋዴ ይሆናል።

ኦክሲጅን ወደ ውኃው የሚገባው በላዩ በኩል፣ ከአየሩ ጋር በሚነካካበት ስፍራ ነው። ውኃው ከቆመ ላይኛው ብቻ ጠግቦ ታችኛው ይራባል። ይህን አገራችን ራስዋ በትልቅ ሰሌዳ ጽፋ አሳይታናለች። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ነፋስ ከላይ እስከ ታች ያማታዋል፤ ዓሣውም በሁሉም ስፍራ ይኖራል። የቢሾፍቱ ሐይቆች ግን እሳተ ገሞራ በቈፈራቸው ጉድጓዶች ውስጥ፣ በገደል ታጥረው የተቀመጡ ናቸው። ነፋስ እንደ ልቡ አያገኛቸውም። ፀሐይ ያሞቀችው ቀላል ውኃ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ቀዝቃዛው ከታች ተዘግቶበት ኦክሲጅኑን ይጨርሳል። በብርዱ ወራት የላዩ ውኃ ሲቀዘቅዝ ይከብድና ይሰምጣል፤ የታችኛው የተራቆተ ውኃም ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ መገለባበጥ ዓሦች በብዛት ሲሞቱ ታይቷል። ባክስተር፣ ፕሮሰር፣ ታሊንግና ዉድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1965 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት የቢሾፍቱንና የአረንጓዴን ሐይቅ ቀንና ሌሊት ለክተው፣ ውኃው በንብርብር እንዴት እንደሚለያይ አሳይተዋል። በተለይ አረንጓዴ የተባለው ሐይቅ በውስጡ ከሞሉት ጥቃቅን ተክሎች የተነሣ ቀን በኦክሲጅን ይጠግባል፤ ሌሊት ግን እነዚያው ተክሎች መልሰው ይተነፍሱታል።

ከቡሬ ወደ እንጅባራ የተጓዘ ሰው በመንገዱ አጠገብ ዘንገናን አይቶ ይሆናል። እርሱም በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ የተኛ ክብ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱም 166 ሜትር እንደ ሆነ ይነገራል። ቆመው ሲያዩት ፊቱ መስተዋት ይመስላል። በሳሎን ያስቀመጡት የዓሣ መስተዋትም ልክ እንዲሁ ነው፤ ፊቱ ቢያምርም ከታቹ ያለውን ጉድ ዓይን አያየውም።

እንግዲህ ውኃውን ማዘዋወር ግድ ከሆነ፣ መሣሪያውን የት እናድርገው? በመስተዋቱ መካከል ጥቁር ፓምፕ ከነሽቦው ቢንጠለጠል፣ ዓሣ ሳይሆን ጋራዥ ያየን ይመስለናል። ይህን ችግር ሰዎች ከጥንት ጀምረው አስበውበታል። በ1853 (እ.ኤ.አ.) በለንደን የእንስሳት መናፈሻ የመጀመሪያው ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ሲከፈት፣ ተክልና ዓሣ እርስ በርስ ይረዳዳሉ፤ ሌላ ነገር አያስፈልግም የሚል ተስፋ ነበር። ተስፋው ብዙ ዓሣ ፈጀ። በኋላ ዊልያም አልፎርድ ሎይድ የተባለ እንግሊዛዊ፣ በ1864 በሐምቡርግ፣ በ1871 ደግሞ በለንደን በክሪስታል ፓላስ ባቋቋማቸው የዓሣ ቤቶች ሌላ መንገድ ተከተለ። ከተመልካቹ እግር በታች፣ በጨለማ ውስጥ፣ ለሕዝብ ከሚታየው ውኃ ብዙ እጥፍ የሚሆን የባሕር ውኃ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ሠራ። ከዚያም በፓምፕ ኃይል ውኃውን ከጨለማው ወደ ብርሃኑ፣ ከብርሃኑም ወደ ጨለማው ያለ ማቋረጥ አዘዋወረው። ከላይ የቆመው ጎብኚ የሚያየው ዓሣውን ብቻ ነበር። ዓሣውን የሚያኖረው ግን ያላየው ነበር።

እኔ ይህን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ የምጠቀምበት ቃል «ጓዳ» የሚለው ነው። እንግዳ የሚያየው ሳሎኑን ነው፤ እንጀራው የሚወጣው፣ ቡናው የሚሰናዳው ግን ከጓዳ ነው። የዓሣም ቤት እንዲሁ ሳሎንና ጓዳ ያስፈልገዋል።

አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመስተዋት ገንዳ አለዎት እንበል። እስከ አፉ ቢሞላ 112 ሊትር ይይዛል። ከኋለኛው ግድግዳ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ በርዝመቱ ሁሉ አንድ ሌላ መስተዋት ያቁሙና ለዓሣ ገንዳ በሚሆን ሲሊኮን ያጣብቁት። ይህ ውስጣዊ ግድግዳ ከገንዳው አፍ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ከላዩም በአንድ ጫፍ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰነጣጠቀ መግቢያ ይኑረው። ውኃው በጥርሶቹ መካከል እየፈሰሰ ወደ ጓዳው ይገባል፤ ዓሣው ግን አይገባም። መግቢያው ከላይ መሆኑ ሁለት ጥቅም አለው። በውኃው ፊት ላይ የሚረጋውን ቅባትና አቧራ ጠርጎ ይወስዳል። ቅባቱ ሲነሣ ደግሞ አየርና ውኃ ያለ መጋረጃ ይገናኛሉ። የግድግዳው የጀርባ ወገን ጥቁር ፕላስቲክ ከለበሰ ጓዳው ጨርሶ አይታይም፤ የዓሣውም ቀለም ደምቆ ይወጣል።

ጓዳውን በሦስት ክፍል ይክፈሉት። በመጀመሪያው ስፖንጅ ይግባ፤ ቆሻሻውን እርሱ ያስቀራል። በሁለተኛው ታጥቦ የተቀቀለ፣ ዘይትና ቅባት ያልነካው የገል ስብርባሪ ይሙላ። ገል ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው በመሆኑ ለማይታዩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች መኖሪያ ይሆናል። የዓሣ ሽንትና የምግብ ትራፊ አሞኒያ የተባለ መርዝ ይፈጥራል፤ እነዚህ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥለውም ጉዳቱ እጅግ ወደ ቀነሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ለዚህ ሥራቸው ኦክሲጅን ይሻሉና፣ ውኃው ሲቆም እነርሱም ይሞታሉ። በሦስተኛው ክፍል ትንሹ ፓምፕ ይቀመጣል። ከፓምፑ የሚወጣው ቧንቧ ግድግዳውን አልፎ ወደ ሳሎኑ ይመለሳል፤ አፉም ከድንጋይ ጀርባ ይሰወራል።

ስለ ድንጋዩ አንድ ምክር ልስጥ። የጎጃም ጥቁር ድንጋይ ለዚህ ተስማሚ ነው። ከዓባይ በረሃ የመጣ ነጣ ያለ ድንጋይ ግን ኖራ ሊሆን ይችላል። ሎሚ ይጭመቁበትና ይመልከቱ፤ ከተፍለቀለቀ ኖራ ነውና ለጣፋጭ ውኃ ዓሣ አይሁን፤ ውኃውን ያከብደዋል። ለባሕር ውኃ ግን አይጎዳም።

የፓምፑ ኃይል ምን ያህል ይሁን? ለጣፋጭ ውኃ የለመደው ልክ፣ የገንዳው ውኃ በሰዓት ከአራት እስከ አምስት ጊዜ እንዲዞር ነው። ስለዚህ 100 ሊትር ለሚሆን ውኃ በሰዓት ከ400 እስከ 500 ሊትር የሚገፋ ይበቃል። ዛጎልና ኮራል ላለበት የባሕር ውኃ ግን ከአሥር እስከ ሃያ ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኮራል እንስሳ ቢሆንም ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ምግቡን የሚያመጣለትም፣ ቆሻሻውን የሚወስድለትም የውኃው ሞገድ ብቻ ነው። ለእርሱ ሲባል በሁለት ወገን የተሰወሩ አፎች በየተራ ቢገፉ፣ ሞገዱ እንደ ባሕሩ ይመላለሳል።

ፓምፕ ያላገኘ ሰው ተስፋ አይቍረጥ። እንደ አንጥረኛ ወናፍ አየር የምትነፋ ትንሽ መሣሪያ ትበቃዋለች። በጓዳው ውስጥ አንድ ቧንቧ ቀጥ አድርገው ያቁሙ፤ የአየሩን ቀጭን ቱቦ በቧንቧው ግርጌ ያስገቡ። አረፋው በቧንቧው ውስጥ ሲወጣ ውኃውን ያቀልለዋል፤ የቀለለውም ውኃ ከፍ ብሎ ወደ ሳሎኑ ይፈስሳል። ይህን ነገር በየቀኑ እናየዋለን። ጀበና ሲፈላ ቡናው በአንገቱ በኩል ገንፍሎ የሚወጣው ማን ገፍቶት ነው? አረፋው አይደለምን?

ሥራው ሲያልቅ፣ ዓሣ ከመግባቱ በፊት፣ በቀይ ሻይ ይፈትኑት። ከሲኒ ቀዝቃዛ ሻይ ጥቂት በጥቂት በየማዕዘኑ ጣል ያድርጉና ይመልከቱ። ቀለሙ ወዲያው ተስቦ ከጠፋ ውኃው ይዞራል። በአንድ ጥግ ደመና ሠርቶ ከቆመ ግን እዚያ የሞተ ስፍራ አለ ማለት ነው፤ ድንጋዩን ያንሡ ወይም የቧንቧውን አፍ ያዙሩ። ከዚያ ውኃውን ደፍተው በአዲስ ይሙሉ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው ለአንድ ቀንና ሌሊት ክፍቱን ይደር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መብራት ሲጠፋስ? በየከተማችን ይህ የሚያጋጥም ነገር መሆኑን አንባቢ ያውቃል። በውጭ አገር የተለመደው ከገንዳው በታች፣ በቁም ሳጥን ውስጥ፣ ሌላ ገንዳ ማስቀመጥ ነው። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ የላዩ ውኃ በቧንቧው ተመልሶ ወደ ታች ይወርዳል፤ በቧንቧው ላይ ከውኃው ፊት አጠገብ አየር ማስገቢያ ትንሽ ቀዳዳ ካልተበሳ ወይም የታችኛው ገንዳ በቂ ስፍራ ከሌለው ምንጣፉ ይጥለቀለቃል። ከኋላ የተሠራው ጓዳ ግን ሳሎኑና እርሱ በአንድ ገንዳ ስለ ሆኑ፣ ፓምፑ ቢቆም ውኃው እኩል ይሆናል እንጂ ወለል አይነካም። ለእኛ ይህ ይሻላል የምለው ስለዚህ ነው። የሽቦውን ነገር ግን አደራ! ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ ተቀልብሶ ይግባ፤ በሽቦው ላይ የሚንጠባጠብ ውኃ ወደ ሶኬቱ እንዳይሄድ።

የዓሣዎን ቍጥር መብራት ባለበት ቀን ሳይሆን መብራት በጠፋበት ሌሊት ይወስኑ። በቆመ ውኃ እስከ ንጋት መቆየት የሚችለው ስንት ነው? ልኩ ይህ ነው። አምባዛ ከአየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው በረግረግ እንኳ ይኖራል። ቆሮሶም ችግር ይችላል። በፈጣን ወንዝ የለመዱ ዓሦች ግን ቶሎ ይታፈናሉ። የገንዳው ተክልም በሌሊት ኦክሲጅን ይወስዳል እንጂ አይሰጥም። መብራት ሲጠፋ ምግብ ያቁሙ፤ በየጊዜው በጣሳ ውኃውን እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱ። ይህ ሞኝነት የሚመስል ሥራ ብዙ ዓሣ አድኗል። በባትሪ የምትሠራ ወናፍ ያለው ሰው ደግሞ እንቅልፉን ይተኛል።

የባሕር ውኃን በተመለከተ፣ የማእድ ቤት ጨው ጨምሮ ባሕር ማድረግ አይቻልም። የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ቀይ ባሕር ወደ 40 ይጠጋል። በዚያ ውስጥ ግን ማግኒዥየም፣ ካልሲየምና ሌላም ብዙ አለ። ከኤርትራ ነጻነት ከ1993 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አገራችን የራስዋ የባሕር ዳርቻ ስለሌላት፣ ለዚህ ተብሎ የተቀመመ ጨው ከውጭ ማስመጣት ግድ ነው። ውኃው በትነት ሲቀንስ ጨው አብሮ አይበንንምና፣ በጓዳው መስተዋት ላይ መስመር አስምረው የጎደለውን በጣፋጭ ውኃ ብቻ ይሙሉ። ወጪውን ላሰበ ሰው ምክሬ በጣፋጭ ውኃ ይጀምር ነው። የጨው ውኃ ዓሣ በኢትዮጵያ የለም ማለቴ ግን አይደለም። በአፋር በአፍዴራ ሐይቅ፣ ፍል ምንጮች በሚገቡበት ዳርቻ፣ በሌላ ዓለም የማይገኙ ትናንሽ ዓሦች ይኖራሉ። በዚያም የሚያኖራቸው የሚገባው ውኃ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። መጀመሪያ፣ ከውጭ የመጣ ዓሣ ሲሰለችዎ ወደ ብር ወይም ወደ ፈጣም ወንዝ አይልቀቁት። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ፣ በጣና፣ ከሌላው ዓለም ተለይተው የኖሩ ብዙ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች አሉ፤ እንግዳ ዓሣና እንግዳ በሽታ ሊያጠፋቸው ይችላል። ሁለተኛ፣ እነዚህ ዓሦች ራሳቸው ጓዳ አላቸው። ከእነርሱ በርካቶቹ በክረምት ከጣና ወጥተው ግልገል ዓባይን በመሳሰሉ ወንዞች ሽቅብ ይጓዛሉ፤ ግልገል ዓባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ማለት ነው። እንቍላላቸውን የሚጥሉት በጠራ፣ በሚፈስስ ውኃ ውስጥ ባለ ጠጠር ነው። ውኃው በጠጠሩ መካከል ሳይታይ እየተሹለከለከ ለእንቍላሉ ኦክሲጅን ያደርሳል። ጠጠሩ ለግንባታ ሲዛቅ፣ ከተራቈተው ተራራ የወረደ ደለል ቀዳዳውን ሲደፍን፣ ወይም በወንዙ አፍ መረብ ሲዘረጋ፣ ከሐይቁ ዳር ለቆመ ሰው የሚታየው ለውጥ የለም። ጣና ያው ጣና ነው። ዓሣው ግን ይጎድላል።

ስለዚህ ጓዳው ይሰወር እንጂ አይዘጋ። የፓምፑ ክፍል እጅ የሚያስገባ ክዳን ይኑረው። ስፖንጁን በየሁለት ሳምንቱ፣ ከገንዳው በቀዱት ውኃ ይጠቡት፤ ክሎሪን ያለበት ውኃ ባክቴሪያዎቹን ይገድላል። በዚያው ቀን ከውኃው ሩብ ያህል ይለውጡ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ድረስ ዓሣው ጥቂት ይሁን። ማታ መብራት ሲያጠፉም ለአፍታ ቆም ብለው የፓምፑን ድምፅ ያድምጡ፤ ከወትሮው ከተለየ ክዳኑን ይክፈቱ።

እንግዳ መጥቶ ዓሣውን ሲያደንቅ ስለ ጓዳው አይጠይቅዎትም። ባለቤቱ ግን ሊረሳው አይገባም። የማይታየው ሥራ የሚታወሰው ሲቆም ብቻ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ለዓሣው ረፍዶበታል።